አለቃው ከመደርደሪያው ሥር

(የድንገተኛ አደጋ የስልክ ጥሪ ማዕከል። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንዲት ሠራተኛ። ነገር ቶሎ አይገባትም ተብላ «ዝግታ» የሚል ስም ወጥቶላታል። አለቃው ሊያሠለጥኗት አጠገቧ ቆመዋል።)

አለቃ፦ ቤቱ የሚነድበት ሰው «እንደምን ዋሉ» ይባላል?

ዝግታ፦ ካልጠየቅሁት እንዴት እንደዋለ በምን አውቃለሁ?

አለቃ፦ እየነደደ ነዋ የዋለው! መጀመሪያ «የት ነዎት?» ነው። እንደ ትናንቱ እኔ ዕቃ ቤት ገብቼ እንደ ተጎጂ እደውላለሁ፣ አንቺ ትመልሻለሽ።

ዝግታ፦ እሺ። የሚያግዘኝ ሰውስ መቼ ይቀጠራል? ውሃ እንኳ የምጠጣበት ፋታ አጣሁ።

አለቃ፦ ሰው ጨምሩልኝ ማለት የሰነፍ ዘፈን ነው። ጎበዝ ከሆነ አንድ ይበቃል!

(አለቃው ዕቃ ቤት ይገባሉ። ጓ! የሚል ድምፅ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ይጮኻል።)

ዝግታ፦ የት ነዎት?

አለቃ፦ ዕቃ ቤት! በሩ አልከፈት አለ፣ መደርደሪያው እግሬ ላይ ወደቀ!

ዝግታ፦ ውይ አለቃ፣ ሲያለቅሱ እንዴት ያምርብዎታል! ትናንት እኮ አልቻሉበትም ነበር።

አለቃ፦ ሥልጠና አይደለም! የእውነት ነው!

ዝግታ፦ ትናንትም እንዲሁ ብለው፣ ባምንዎት «ሞኝ» አሉኝ።

አለቃ፦ እግሬ ሊቆረጥ ነው፣ እህቴ!

ዝግታ፦ ዛሬ ደግሞ «እህቴ» ሆንኩ። ሌላ መስመር አለብኝ፣ ይጠብቁ።

(በዕቃ ቤቱ ጨለማ ውስጥ፣ ደዋይ ሲጠብቅ የሚሰማው የማዕከሉ ሙዚቃ ከአለቃው ስልክ ይንቆረቆራል። የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ እንዲህ ልብ እንደሚያደርቅ ግን አያውቁም ነበር።)

ዝግታ፦ ተመለስኩ። ትንፋሽዎ እንዴት ነው?

አለቃ፦ ነይና አንሺልኝ!

ዝግታ፦ ስልኩን ማን ይመልሳል? «ከስልክ የተነሳች ትባረራለች» ያሉት እርስዎ።

አለቃ፦ ሌላ ሰው ላኪ!

ዝግታ፦ የትኛውን?

አለቃ፦ እቀጥራለሁ! አምስት ሰው! በፈረቃ! ዕረፍት፣ ወግ ያለው ሥልጠና፣ በእናቴ!

ዝግታ፦ ለበላዮች «ሰው ሞልቶናል» እያሉ አይደል እንዴ የሚነግሯቸው?

አለቃ፦ ውሸቴን ነው! «ቆጣቢ» ተብዬ ልሾም ብዬ ነው!

(በሩ በብረት ተፈልቅቆ ይከፈታል። ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መደርደሪያውን አንስተው አለቃውን ደግፈው ያወጧቸዋል።)

አለቃ፦ እነዚህን መቼ ጠራሻቸው?

ዝግታ፦ «ይጠብቁ» ስልዎት። እስኪደርሱ ራስዎን እንዳይስቱ ማናገር ነበረብኝ።

አለቃ፦ (ኮታቸውን እያራገፉ) በጭንቅ ውስጥ የቀባጠርኩት አይቆጠርም! ምስክር የለሽም!

ዝግታ፦ ምስክር ምን ያደርጋል? በዚህ መስመር የሚወራ ሁሉ እየተቀዳ በቀጥታ ለበላዮች ይደርሳል። አይዞዎት አለቃ፣ እግርዎ ተርፏል።