የመሪጌታ ፈንቴ ሁለተኛ ዓይን

እንደ መድኃኒተኛ ሁለት ስም ያለው ሰው አላውቅም። ስትታመሙ ደጁ ቆማችሁ «መድኃኒት አዋቂው አሉ?» ትላላችሁ፤ ሲሻላችሁ ደግሞ «ያ ሥር ማሽ» ይሆናል። እናንተ አትሉም ይሆናል። እኛ የፎገራ ሰዎች ግን እንል ነበር፤ ያውም የሰጠን ሥር ከአንገታችን ሳይፈታ።

ሰዓሊዎቻችንም ከእኛው አብራክ የወጡ ናቸውና ይህን ሙያ ሁለት ቦታ ያስቀምጡታል። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ እስቲ ግድግዳውን ልብ በሉት። ከላይ መልአኩ ሩፋኤል ለጦቢት ልጅ የዓሣ ሐሞት ያሳየዋል፤ የታወረው ጦቢት ዓይኑ ሊበራ ነው። ሐሞት ማዘዝ መድኃኒተኛነት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ከታች ደግሞ፣ እሳቱ ከሚንቀለቀልበት፣ ሥር በእጁ የጨበጠ ሰው ከነከረጢቱ ሰይጣን ሲጎትተው ታገኛላችሁ። ሙያው አንድ ሆኖ ሳለ የሚለያዩት በዓይን ነው። በአገራችን ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉው ግን በጎኑ ይሳልና አንድ ዓይን ብቻ ይደርሰዋል። ይሁዳን እዩት። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ዓይን ቆጥሮ ማን እንደሚኮነን ያውቃል።

እኔ ጎልማሳ ሳለሁ፣ ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው፣ ከወረታ ወደ ይፋግ ሲሄዱ ወደምትገኘው ደብራችን አንድ ሰዓሊ ከጎንደር መጣ። አሮጌው ሥዕል በክረምቱ እርጥበት ተላልጦ ስለነበር በመቅደሱ ግድግዳ ላይ አዲስ ሸማ ለጥፎ ይስል ጀመር። መላእክቱን፣ ቅዱሳኑን ጨርሶ ወደ ሲኦል ሲወርድ የፎገራ ንዳድ ጣለው። ያስነሱት መሪጌታ ፈንቴ ናቸው። መሪጌታ የአካባቢያችን መድኃኒተኛ ነበሩ፤ ረዥም፣ ከሲታ፣ ግራ ጉንጫቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው፣ ከተናገሩት ዝም ያሉት የሚበልጥ ሰው። ሰባት ቀን ከመደቡ አጠገብ ጎንበስ ብለው ሥር እየወቀጡ ያን መራራ ነገር አጠጡት።

ሰዓሊው በስምንተኛው ቀን ቡሩሹን አነሣ። ሲኦል የሚጎተተውን ሥር ማሽ ሲስል እጁ ያወጣው ፊት ግን በዚያ ሁሉ ትኩሳት ውስጥ በጎን ሲያየው የሰነበተው ፊት ሆነ። ጠባሳው ሳይቀር። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቀው የመድኃኒተኛ ፊት እሱው ብቻ ነበር።

እሑድ መጋረጃው ሲገለጥ ያላወቃቸው አልነበረም። እኛ አገር ትልቅ ነገር ሲሆን ሰው ስለ ከብቱ ነው የሚያወራው። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ቤታቸው የሚሄድ ሰው ሁሉ በግራቸው በኩል፣ በሥዕሉ ላይ በሚታየው በኩል ይቀመጥ ጀመር። ማን እንዳስጀመረው አይታወቅም። እኔም እዚያው ነበር የምቀመጠው። ወር ሳይሞላ መሪጌታ ቀኝ ትከሻቸውን ከመቃኑ ጋር እያጋጩ ሲወጡ አየኋቸው። በቀኝ ዓይናቸው ጭጋግ እንደ ገባባቸው፣ የራሳቸውን መድኃኒት ቢሞክሩትም እንዳልገፈፈላቸው ነገሩኝ። እኔም እርጅና ነው አልኋቸው። እርጅና ግን መቼ ነው በአንድ ወር የሚመጣው?

በመጨረሻ ሰዓሊው ዘንድ ሄዱ። እኔ መሰላሉን ደግፌ ነበርና ሰምቻለሁ።

«ልጄ፣ ሞቼ እዚያ ስደርስ በየትኛው ፊት ነው የሚያውቁኝ? ፈጣሪ በሰጠኝ ነው ወይስ አንተ በሳልኸኝ?»

ሰዓሊው ቡሩሹን ከቀለሙ አውጥቶ ጠረገ። «መሪጌታ፣ ዓይኑን ብጨምርልዎ ከእሳቱ ላወጣዎ አልችልም። ቦታው ሲኦል ነው።»

«እሳቱ ይቆይ። ዓይኔን ስጠኝ።»

ሰጣቸው። ፊቱን በነጭ ቀለም ሸፍኖ ከበላዩ እንደ አዲስ ፊት ለፊት ሣለው፤ በሁለት ትልልቅ ጥቁር ዓይን። ዕለቱን ቀለሙን ጠቅልሎ አገሩ ገባ። በሳምንቱ መሪጌታ ቀጥ ብለው መጡ፤ ጭጋጉ ተገፎ በደጄ ክር በመርፌ ቀዳዳ አሾለኩ። ደስታቸው የሕፃን ደስታ ነበር።

ጉዱ የመጣው በእኛ ላይ ነው። ጻድቃኑ ወደ ላይ፣ ወደ አምላካቸው ነው የሚያዩት። ይሁዳ የሚያየው ወደ ጎን ነው። ይህ ሰው ግን ፊቱን ሲያዞሩት ወዴት ይዙር? ወደ እኛ ዞረ። በወንዶች በኩል ብትቆሙ ያያችኋል፤ በሴቶች በኩል ብትሸሹም እዚያው ነው። እሳቱ ውስጥ ቆሞ፣ ሥሩን ጨብጦ፣ ለማን እንደሰጠው የሚያስታውስ ይመስላል። ከመካከላችን ደግሞ በመሪጌታ ደጅ ያልቆመ የለም። ለንዳድና ለእባብ ብቻ ነው የሄድነው ያለ ካለ ይዋሻል።

ሰዓሊው ከመምጣቱ አስቀድሞ የሆነውን የእኔን ልንገራችሁ። ከአጎቴ ከአያ ጫኔ ጋር በጉማራ ዳር ባለ የግጦሽ መሬት ሙግት ነበረን። የሰው አንደበት የሚያስር ሥር ለመንኋቸው። ሁለት ጊዜ መለሱኝ፤ በሦስተኛው ሰጡኝ። አጎቴ በሚያልፍበት መንገድ ቀበርሁት። በቀጠሮው ቀን አያ ጫኔ ዳኛው ፊት ሊናገር ተነሣ፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ቀኝ እጁ ተንጠለጠለ። እስከ ዕለተ ሞቱ አንዲት ቃል አልወጣውም። መሬቱን እኔ ወሰድሁ። ሥሩ ነው ወይስ ሕመም? አላውቅም። ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር ብል ደግሞ ሁለተኛ ኃጢአት ነው።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ሥዕሉ ሥርዓት አፍርሷል፤ ኃጥእ ሁለት ዓይን የለውም፤ አንዱ ይደፈን» ተባባሉ። ስለ ሥርዓት ያን ያህል ተጨንቀን አናውቅም ነበር። ቄሰ ገበዙ እጄን አላስገባም አሉ። እኔም ያ ዓይን ቢጠፋ የማን ዓይን አብሮ እንደሚጠፋ እያወቅሁ አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰዉ ወረታ ገበያ በወጣበት ቀን፣ በቀትር፣ ጋኔን ይወጣበታል በሚባለው ሰዓት፣ ከድስት ቂጥ የጠረግሁትን ጥላሸት በኑግ ዘይት ለውሼ ገባሁ። ንብ እንኳ አይሰማም። ቀና ስል ቀኝ ዓይኑ የለም። በጥላሸት ተደፍኗል፤ ጥላሸቱ ገና እርጥብ ነው። ጠጋ ብዬ አየሁት። የአንድ ሰው ጣት አልነበረም። ወፍራም ጣት አለ፣ ቀጭን የሴት ጣት አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የተንቀጠቀጠ፣ ከዓይኑ እስከ ጉንጩ የተጎተተ ጣት አለ። የቀረኝ ሥራ አልነበረም። ሆኖም እኔም ጨመርሁበት።

ስወጣ አጎቴ አያ ጫኔ ከደጀ ሰላሙ ሥር ምርኩዙን ተደግፎ ተቀምጧል። ደህናው ግራ እጁ ጭኑ ላይ አርፏል፤ ጠቋሚ ጣቱ እስከ አንጓው ጥቁር ነው። አያ ጫኔ በዕድሜው የተሟገተው ከእኔ ጋር ብቻ ነው። እሱም ለእኔ የቀበረው ሥር የት እንዳለ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ እሱ መናገር አይችልም፣ እኔም አልቻልሁም።

መሪጌታ ፈንቴ በዚያ ሰዓት በአጥሩ በኩል መጡ። በቀኝ እጃቸው አጥሩን እየዳበሱ፣ ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ነበር የሚሄዱት። ኮቴዬን ሰምተው አጥሩን ለቀቁና «ጭጋጉ ተመለሰብኝ፤ እስቲ እጅህን ስጠኝ» አሉኝ። ዘረጋሁ፤ ጣቴን አየሁና ደነገጥሁ። እሳቸው ግን በቀኛቸው በኩል ስለነበርሁ አላዩትም። ይዘውት ሄዱ።