ሁለቱንም «ልክ ነዎት» ያልኩበት ሽምግልና

ሳይዋሽ ያስታረቀ ሽማግሌ እስካሁን አልተወለደም! አትቆጡኝ... የተኳረፉ ባልና ሚስት ለየብቻ ጠርታችሁ፣ «አንተ ልክ ነህ፣ ግን ተዋት»፣ «አንቺም ልክ ነሽ፣ ግን ቻይው» ያላላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ! አያችሁ?

እኔም ይህንኑ ጥበብ ይዤ ጆሃንስበርግ ገባሁ። የተከራየሁት አንክል ራጅ ከሚባሉ ሕንዳዊ አዛውንት ግቢ፣ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ነው። እኅታቸው አንቲ ሺላም እዚያው ግቢ ለብቻቸው ይኖራሉ። ኮሮና መጥቶ መንግሥት «ርቀታችሁን ጠብቁ» ሲል ሁለቱ ቀድመውት ነበር። ተኳርፈዋላ!

ጠባቸው በምን መሰላችሁ? አብረው ያሳደጓት የአንክል የልጅ ልጅ ፕሪያ በቪዲዮ ልታገባ ነው። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ የሳንስክሪት ምርቃት አላቸው፤ ሙሽራው እንዲገባው በእንግሊዝኛ ይነበባል ተባለ። ሳንስክሪቱ «ባል ይጠብቅሽ» ነው የሚለው። በቃ፣ ባል! እንግሊዝኛ ግን ባልን እንዲሁ አያሳልፍም፤ «ዘ» እና «ኤ» በር ላይ ቆመው ወረቀት ይጠይቁታል።

«ዘ ሐዝባንድ ነው!» አሉ አንክል። «የታወቀው፣ አንዱ ባሏ! ‹ኤ› ካልን ከባሎቿ አንዱ ሊመስል አይደል?»

«ኤ ሐዝባንድ ነው!» አሉ አንቲ። «ምርቃቱ ሲነገር ይሄ ልጅ መች ተወለደ? ማን ያውቀዋል?»

ፕሪያ ቸርች ውስጥ አስተርጓሚ መሆኔን ስለምታውቅ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

«ብራዘር፣ ፕሊስ! ሁለቱ አብረው ካልመረቁኝ ሠርጉም ይቅርብኝ!»

አንጀቴን በላችው። ማስኬን አጥልቄ ተነሣሁ። በአንክል በር ላይ ቆሜ፣ «እርስዎ ልክ ነዎት፤ ግን ታናሽዎ ናቸው፣ ይተዉላቸው» አልኩ። በአንቲ መስኮት ሥር ሆኜ፣ «እርስዎ ልክ ነዎት፤ ግን ታላቅዎ ናቸው፣ ይቻሏቸው» አልኩ። ሁለቱም ፊታቸው በራ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በሌላው ተንጠልጠል ይባል የለ?

የሠርጉ ቀን ዘመድ አዝማድ ስክሪኑ ላይ ተደረደረ፤ እኔም ካሜራዬን ዘግቼ ገባሁ። አንክል ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «አስተርጓሚው ለእኔ ፈርዷል» አሉ።

«ሀይቦ! ኧረ በሕግ! የፈረደው ለእኔ ነው!» አሉ አንቲ ከራሳቸው ስክሪን።

በድንጋጤ ከስብሰባው ልወጣ ስል ጭራሽ ካሜራዬን ከፈትኩት!

«አንተ! ልክ ነዎት አላልከኝም?» አሉ አንክል።

«እኔንስ?» አሉ አንቲ።

«በአገራችን ሽማግሌ... እንዲህ ነው የሚያስታርቀው...» አልኩ።

«ሺላ፣ ሰማሽው?»

«ሰማሁት ወንድሜ! ሁለታችንንም ሸወደን እኮ!»

ተባብረው ወረዱብኝ። አንቲ በደንብ አብረው ሊሰድቡኝ ብለው ግቢውን አቋርጠው ከወንድማቸው ጎን ተቀመጡ። ሲበቃቸው እንግሊዝኛውን ትተው፣ በአንድ ድምፅ በሳንስክሪት መረቁ። ፕሪያ አለቀሰች። ደስ ብሎኝ እኔም አለቀስኩ።

ሙሽራው ግራ ገብቶት፣ «ትርጉሙን ማንን ልጠይቅ?» አለ።

ወንድምና እኅት እኩል ጮሁ፦ «ማንንም ጠይቅ፣ እሱን ብቻ እንዳትጠይቅ!»