በአንድ ዓይን የተሣልኩበት ዳገት

ትናንት ሌሊት ያለምኩትን ሕልም አሁኑኑ ካልነገርኳችሁ እፈነዳለሁ! ግን እንዳትስቁብኝ፣ በእናታችሁ። እኔ ራሴ አፍሬ ሞቻለሁ።

ከክፍል ልጆች ጋር ሠዓሊዎች ሰፈርን ልንጎበኝ እየሄድን ነው። ከተማው መሀል ያለው ዳገት ነው፣ ድሮ ድሮ ሠዓሊዎች የሰፈሩበት፤ ቤቶቹ አሮጌ፣ በረንዳቸው የእንጨት፣ ምናምን። ክፍላችን በእውነት ሊጎበኘው ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ ስለሱ ነው ስናወራ የከረምነው፣ ለዚያ ይሆናል በሕልሜ የመጣው። ብቻ ታክሲ ውስጥ ነን። ታክሲው ደግሞ ወያላ የለውም! ተሳፋሪዎቹ በሙሉ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ወያላ! ወያላ! አንድ ወያላ የሞላ!» እያሉ ይጣራሉ። ወያላዎቹ ፌርማታው ላይ ኮራ ብለው ቆመዋል። አንዱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየንና «አይ፣ እናንተ ትጮሃላችሁ» ብሎ ትቶን ሄደ። ጓደኛዬ ኤልዳና በሳቅ ሞተች።

ከዚያ ዳገቱን መውጣት ጀመርን። ስንወጣው ቁልቁለት ሆነ! ሮጥን ሮጥን ሮጥን፣ ማቆም አቅቶን ጫፉ ላይ ተዘረጋን። ቀና ስል ሽማግሌዎች አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔን ሲያዩ ሁሉም ብድግ!

«ኖር!» አሉ።

ለኔ! እኔ መነሣት ሲገባኝ! ምን እንደሚመለስ ድርግም ብሎ ጠፋኝና «አመሰግናለሁ፣ ቁጭ በሉ» አልኳቸው፣ ልክ እንደ ቲቸር።

«አይ የዛሬ ልጅ!» አለ አንደኛው። «በእግዜር እንኳን አትልም።»

ተቀይመው ቁጭ አሉ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። ኤልዳና ጎትታ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ አስገባችኝ።

ቤቱ የሥዕል ማሳያ ነው፤ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዎች ናቸው። እውነተኛ ሰዎች! አንዱ ሰውዬ ከነከረባቱ ተሰቅሎ ያፏጫል። ሥዕሎቹ ደግሞ ተሰልፈው እየዞሩ ሰዎቹን ያያሉ። አንዲት የተሣለች ሴት የተሣለ ልጇን አዝላ ቆማለች።

«አትንካው፣ ገና አልደረቀም» ትለዋለች።

«እማ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ ዘመናዊ ሰው ነው። እነዚህ አይገቡም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሥዕሎቹ በሙሉ ዞረው በትልልቅ ዓይናቸው አፈጠጡብኝ።

ክፍሉ ጥግ ላይ አንድ ነጭ ፈረስ ጋቢ ለብሶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሠዓሊው እሱ ነው! ጋላቢው ከሥሩ ተንበርክኮ የቀለም ጣሳ ይዞለታል፣ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«ቀጣይ!» አለ ፈረሱ።

«ሂጂ ሂጂ፣ አንቺ አይደለሽ ፎቶ የምትወጂው!» ብላ ኤልዳና ገፈተረችኝ።

«ፊት ለፊት እዪኝ» አለኝ ፈረሱ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ በጎን ነው የማምረው! አፍንጫዬ በጎን ሲታይ ሌላ ነው፣ ኤልዳናን ይጠይቋት!»

ፈረሱ ብሩሹን ዝቅ አደረገ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መቶ ፐርሰንት!»

እና አገጬን ቀና፣ ከንፈሬን ሾል አድርጌ ወደ ጎን ዞርኩ፤ ሁሌ ሴልፊ ስነሣ እንደማደርገው። ሸራ የሚባል ነገር የለም። እኔኑ ራሴን መቀባት ጀመረ! ቀለሙ ቀዝቃዛ ነው፣ ይኮረኩራል። ጉንጬን ቀባ፣ አፍንጫዬን ቀባ፣ አንድ ዓይን ሣለና ብሩሹን ማጠብ ጀመረ።

«ሁለተኛውስ?» አልኩት።

«የምን ሁለተኛ? በዚህ ሰፈር ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን። የድሮ ሥዕል አይተሽ አታውቂም? ጠየቅሁሽ እኮ።»

በብሩሹ ወደ ኋላኛው ግድግዳ አመለከተኝ። በአንድ ዓይን የተሣሉት ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ጦር የያዙ፣ ጥርሳቸው ያገጠጠ፣ ሁሉም ወደ ጎን ያፈጠጡ። አንደኛው ጠቀሰኝ። ያለው ዓይን አንድ ስለሆነ ሲጠቅሰኝ ጭራሽ ማየት አቃተውና ጦሩ እግሩ ላይ ወደቀበት።

«ጋሼ በናትህ!» አልኩት፣ አንቱታው ሁሉ ጠፍቶኝ። «እኔ እኮ ለፎቶ ብዬ ነው! ክፉ አይደለሁም!»

«ቀለሙ እስኪደርቅ ጊዜ አለሽ» አለኝ። «ከዞርሽ ሁለተኛውን እሥልልሻለሁ። ከደረቀ ግን ከነሱ ጋር ነው የምሰቅልሽ።»

ቀላል ነገር ነው አይደል? ዞር ማለት ብቻ! ልክ ልዞር ስል እማዬ በሩን ከፍታ ገባች።

እማዬ! በነጠላ ጫማ! በካልሲ! ያውም በአባዬ ካልሲ! በአንድ እጇ ፌስታል፣ በሌላው ምሳ ዕቃ ይዛለች። ከገባች ጀምሮ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ፣ ጎንበስ እያለች፣ «እንደምን ዋላችሁ? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና?» ትላለች። አንዲት ቀጭን የተሣለች ሴት ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

«ውይ የኔ እናት፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? ስንት ዘመን ነው ያቆሙሽ? ነይ እስኪ አፍሽን ክፈቺ።»

ምሳ ዕቃውን ከፍታ ፍትፍት አጎረሰቻት! ሥዕል! የሴትዮዋ ከንፈር ቀለሙ ለቀቀ፣ ወጡ አገጯ ላይ ወረደ። «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻማ ያጣላል» ብላ ደገመቻት። ሥዕሎቹ ሰልፋቸውን ትተው እማዬን ከበቧት፣ አፋቸውን ከፍተው። የክፍላችን ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«ኧረ እኚህ ሴትዮ የማን እናት ናቸው?» አለች ኤልዳና። እያየችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ሙች እላችኋለሁ፣ እንደዚያ አልኩ። እና አልዞርኩም። አገጬን ይበልጥ ቀና አድርጌ ወደ ጎን ግድግዳውን ማየት ቀጠልኩ። ጉንጬ ላይ ያለው ቀለም መወጠር ሲጀምር ይሰማኛል።

እማዬ ፈረሱ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ፣ ልጄን አይተውልኝ ይሆን? ቁመቷ እስከዚህ ነው፣ ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው። ሁለት ናቸው።»

«ይቺ አይደለችም?» አለ ፈረሱ፣ በብሩሹ እኔን እያሳየ።

እማዬ ቀረበችኝ። ከጎን አየችኝ። ትንፋሿ ጆሮዬን ነካኝ። ልጆቹ ሁሉ ይጠብቃሉ። እኔ ያቺን አንድ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተክያለሁ፣ እንባ ሞልቶባታል፣ ግን አልዞርም። ሊስቁብኝ ነዋ!

«አይ፣ አይደለችም» አለች እማዬ። «ቁርጥ እሷን ነው የምትመስለው። የኔዋ ግን ስታየኝ በሙሉ ፊቷ ነው።»

ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ጉንጬ ላይ የፈሰሰውን ቀለም ጠረገችልኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

«ምስኪን» አለች። «እናትሽ ይፈልጉሽ ይሆናል የኔ ልጅ፣ ቶሎ ሂጂላቸው።»

እና ወጣች። «ትርሲት! ትርስዬ!» እያለች ስትጣራ ድምጿ ከውጭ ይሰማኛል። ሽማግሌዎቹን ትጠይቃለች፣ ወያላዎቹን ትጠይቃለች። «ሁለት ዓይን ያላት ልጅ አላያችሁም?» «አላየንም እናቴ፣ አንድ ዓይን ያላት ግን አለች።» «አይ፣ እሷ የሰው ናት።» ድምጿ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ያኔ ደነገጥኩ። ሳቁንም ኤልዳናንም ረሳሁ፣ በቃ እማዬ ትታኝ ልትሄድ ነው! ልዞር ሞከርኩ። አንገቴ እምቢ አለ። ጉንጬ እንደ ደረቀ ጭቃ ክርር አለ።

«ቶሎ በይ እንጂ!» ይላል ፈረሱ፣ ብሩሹን ቀለም ነክሮ ይዞ። «ዙሪልኝ! የት ላይ ልሣለው?»

ከኋላዬ እነዚያ ባለ አንድ ዓይኖች መጠጋጋት ጀመሩ። «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይጨመራል!» ይላል ያ የጠቀሰኝ። ኤልዳና ስልኳን አውጥታ ትቀርጸኛለች። «በጎን እውነትም ታምሪያለሽ!» ትለኛለች።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። ያለኝ ግማሽ አፍ ስለሆነ ግማሹ ብቻ ነው የወጣው። «እማ...»

የውጭው ድምፅ ቆመ። እግሯ ተመለሰ፣ ነጠላ ጫማዋ ጧ ጧ ሲል ሰማሁት። በሩ ላይ ቆመች። እኔ አገጬን በሁለት እጄ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ወደሷ ጎተትኩት፣ ጎተትኩት፣ ጎተትኩት...

ቀጭ!

ነቃሁ።

ነግቷል። አልጋዬ ላይ ነኝ፣ ፊቴ ወደ ግድግዳው ነው።

«ትርሲት፣ ተነሺ እንጂ! መኪናው ጥሎን ሊሄድ ነው!» አለች እማዬ ከኋላዬ።

«ጥሎን?» አልኩ።

«ቲቸር ገረመው ማታ ደውለው አንድ ወላጅ ለዛሬው ጉብኝት አብሮ ቢሄድ ሲሉኝ፣ እኔ እሄዳለሁ አልኳቸዋ! አንቺ ተኝተሽ ነበር። ምሳውን ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ቋጥሬያለሁ። እስኪ ዙሪና እዪኝ፣ ይሄ ቀሚስ ይሆናል?»

ልዞር ሞከርኩ። አንገቴ ተቆልፏል! እውነቴን ነው፣ ተጣምሜ ተኝቼ ነው መሰለኝ፣ ትንሽ ላንቀሳቅሰው ስል ወገቤ ድረስ ወጋኝ። ንቅንቅ የለም።

እማዬ ጠበቀች። ቀሚሷ ኮሽ ሲል ሰማሁት፣ ከዚያ እሱም ዝም አለ።

«ትርስዬ» አለች ቀስ ብላ። «አፈርሽብኝ እንዴ?»

«ኧረ እማዬ፣ በፍጹም!» አልኩ።

ለግድግዳው።