ቆሞ የሄደው ሚኒባስ

ሰው ሳይሄድ የሄደ የሚመስለው እንደ መናኸሪያ ያለ ቦታ የለም። በተለይ የወልድያ መናኸሪያ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጉልበት ስታሞቅ፣ ግማሽ ሰውነታችን ያንቀላፋል፤ ግማሹ መርሳ ከተማ ገብቶ ይስተናገዳል። ሾፌሮቻችንም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። መኪናው ሳይሞላ ሞተር አስነስተው ትንሽ ፈቀቅ፣ ትንሽ መለስ ያደርጉታል። መንገደኛው «ሊወጣ ነው» ብሎ እየሮጠ ይገባል፤ ገብቶም ይቀመጣል፤ ተቀምጦም ያረጃል።

እኔ ስለ ዓይን የማስተምር ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የተሳፈርኩት ለሽምግልና ነው። ጓደኛዬ የመርሳ ልጅ ወድዶ፣ እኔንና የሰፈራችንን አስታራቂ ጋሽ ይመርን ላከን። የልጅቷ አባት ቀልድ አያውቁም ተብለናል። ቀደም ሲል ከሌላ ወገን የተላኩ ሽማግሌዎች ገና መንገድ ላይ ሳሉ «ደርሰናል» ብለው ቢደውሉላቸው፣ በመንገድ የዋሸ በትዳርም ይዋሻል ብለው ከደጅ መልሰዋቸዋል። ጓደኛዬ ሲሸኘን እንባ አቅርሮ ነበር፤ አሳዘነኝ። እኛ ደግሞ ይኸው ረፍዶብናል።

ከጎናችን፣ ፊቱን በተቃራኒ አዙሮ፣ በመርሳ በኩል የሚያልፍ የውርጌሳ ሚኒባስ ቆሟል። ፈዝዤ ሳየው መስኮቶቹ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይንሸራተቱ ጀመር። ተመስገን፣ ተነሳን አልኩ። ጥፋቱ የዓይኔ ነው። ከዓይናችን በስተጀርባ ሬቲና የምትባል ስስ መጋረጃ አለች። እዚያ ከሚኖሩት የነርቭ ሴሎች አንዳንዶቹ የየራሳቸው የሚወዱት አቅጣጫ አላቸው። ነገሩ ከሚወዱት ወገን ሲመጣ ይጮኻሉ፤ ከተቃራኒው ሲመጣ ግን ጎረቤት ሴል ቀድሞ ይደርስና አፋቸውን ይይዛቸዋል። ለእኛስ ሰፈር እንዲህ ያለ ጎረቤት ቢኖር ምን ነበረበት? እነዚህ ሴሎች «ወዲያ ሄደ» ለማለት የሚቀድማቸው የለም። የሄደው ማን እንደሆነ፣ እኔ ልሁን ሚኒባሱ፣ ሲጠየቁ ግን መልስ የላቸውም።

እንዲህ ስንሳፈፍ፣ በመንገዳችን ያለው የሐብሩ ማሳና የማንጎ ጥላ በሕልሜ ሲመጣልኝ፣ ስልኬ ጠራ። አባትየው ናቸው። የት እንደደረስን ጠየቁኝ። መንገድ ከጀመርን ቆየን አልኳቸው። «ቆየን»ን ማን እንደጨመረብኝ እንጃ።

«ደግ፤ እኔም ደጄ ላይ ቆሜ እየጠበቅኋችሁ ነው» አሉኝ።

ይህን ሲሉ፣ በሚንሸራተተው ሚኒባስ ውስጥ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ስልክ በጆሯቸው ይዘው በመስኮቴ ፊት አለፉ። ከንፈራቸው ከምሰማው ቃል ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል። እኔም ስልኬን እንደያዝኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ወዲያው የእኛ ረዳት ከውጭ «መርሳ፣ አንድ ሰው!» ሲል ሰማሁ። ለካ የሄዱት እሳቸው፣ የቆምነው እኛ ነን።

የጓደኛዬ ትዳር መናኸሪያ ላይ ፈረሰ አልኩ። ለጋሽ ይመር ብነግራቸው፣ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ ዝም ብለን ቤታቸው እንግባ አሉ።

መርሳ ስንደርስ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ነበር። አንዱ ስለ መዘግየታችን ሊወቅሰን ጉሮሮውን ሲጠርግ አባትየው ቀደሙት። መንገዱ እንዴት እንዳስቸገረን፣ ሽማግሌ ደግሞ መከበር እንዳለበት፣ ላባቸው ጠብ እስኪል አስረዱልን። ልጅቷን ገና ተቀምጠን ሳናበቃ ሰጡን ማለት ይቻላል።

ሽማግሌ የሚላከው ሊለምን ነው ይባላል። ያን ዕለት ግን ሲለምኑ የዋሉት አባትየው ነበሩ፤ እኔ ለመናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር፣ በዓይናቸው።