ጊደሪቱ የቀደመቻት ልጅ

በፎገራ ሜዳ ወሬ እንደ ክረምት ውሃ ነው፤ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ደጃፍ ይደርሳል። ብልህ ሰው ውሃው ሳይደርስ ከብቱን ያሸሻል። እኔ ብልኋ ግን የልጄን ልጅ ጥሩንጎን አሸሸሁ።

የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከል ክትባት ለሴቶች ልጆች በትምህርት ቤት ሊሰጥ ነው ተባለ። አባቷ፣ እማዬ ምን ይሻላል አለኝ። በእኛ ቤት ያለ እኔ ፈቃድ እንኳን መርፌ ዝናብም አይገባም። እኔ ደግሞ ሩዝ ስናርም አንዲት ሴት፣ መርፌው መካን ያደርጋል ስትል ሰምቻለሁ። እሷስ ከማን ሰማች? ማን ይጠይቃል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ እኔ መላውን ትቼ ወሬ ጨመርሁበትና ልጅቱ አትወጋም አልሁ።

በክትባቱ ቀን ትምህርት ቤት እንዳትገኝ ጊደራችንን አስነድቼ ይዣት ወጣሁ። ወዴት ብትሉ፣ ከብት ወደሚከተብበት። አትሳቁ። በጭቃው ስንዳክር ቆይተን ስንደርስ ሐኪሙ ዕቃውን ሸክፎ፣ እማማ ነገ ይምጡ አለኝ። እኔ ነኝ የምመለስ? የጊደሪቱን ቀንድ ይዤ፣ ሳትወጋ ቀርታ ብትሞትብኝ አንተ ነህ የምትታለብልኝ አልሁት። ሰዉ ሲስቅበት ሳጥኑን ፈትቶ ወጋልኝ።

ይሄኔ ጥሩንጎ ቀስ ብላ፣ እማማ፣ የጊደሪቱ እናትስ በየዓመቱ ስትወጋ አልነበር፣ ታዲያ ይችን ከየት አመጣቻት አለችኝ። የከብትና የሰው መድኃኒት ለየቅል መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ለጊደሪቱ ሐኪም አምኜ፣ ለልጅቱ የአረም ላይ ወሬ አመንሁ። ያውም እህቴን በዚያው በሽታ የቀበርሁ ሴት። ያኔ እንዲህ ያለ መርፌ ቢኖር በጀርባዬም ቢሆን አዝዬ አደርሳት ነበር።

ጊደሪቱን እየነዳን በቀጥታ ትምህርት ቤት ገባን። ነርሷ፣ ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው አለች። ጥሩንጎ ልትመልስ ስትል ቀደምኋት። የዚች ጊደር እናት ስትወለድ ይች ልጅ ድክ ድክ ትል ነበር፤ ላሟ አሥራ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ እንግዲህ አንቺው ደምሪው አልሁ። ነርሷ ሳቋን እየዋጠች ደመረች፤ ወጋቻት።

ጥሩንጎ ክንዷን እያሻሸች ጊደሪቱን አየቻትና፣ ተመስገን ነው እማማ፣ ዛሬስ እኩል ሆንን አለችኝ።