ከዱባይ ቤይሩት ስንት ሰዓት ነው?

መምህር የሆነ ሰው «አላውቅም» ማለት ሞቱ ነው። ገበሬ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ ሲጠየቅ «እግዜር ያውቃል» ብሎ ይገላገላል፤ እኛ ግን ጥያቄ ሰምተን ዝም ካልን የተመረቅንበት ወረቀት የሚቀደድ ይመስለናል። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። እንጅባራ ውስጥ ርቀት የጨነቀው ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣ። ምነው ያን ቀን እንኳ አፌን በያዘው!

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ታላቋ ዝና ዱባይ፣ ታናሿ አበባ ቤይሩት፣ ሁለቱም ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። አንድ የክረምት ማለዳ እትዬ ጥሩነሽ በጭቃው እየተንሸራተቱ መጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙ። አበባ ታማ ሆስፒታል መተኛቷን ሰምተዋል።

«መምህር፣ ከዱባይ ቤይሩት ሩቅ ነው?»

ስልኬን አወጣሁ። እኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ኔትወርኩም አብሮ ይጠለላል፤ ቢሆንም ከብዙ ጥበቃ በኋላ አገኘሁት።

«ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን ግን ቢበዛ አራት ሰዓት ነው» አልኳቸው። በዚህ ባበቃ ምን ነበረበት? ተማሪ ፊት የቆምኩ ይመስል፣ «እኛ አዲስ አበባ ለመግባት ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ እንውል የለ? እነሱማ ጎረቤት ናቸው!» ብዬ ጨመርኩበት።

«ጎረቤት ናቸው?» አሉ ቀስ ብለው። ፊታቸው ሲጠቁር አይቻለሁ፤ የልጃቸው ሕመም ነው ብዬ አለፍኩት።

ለካ ዝና «ሩቅ ነው እማ፣ መሄድ አልችልም» ብላቸው ኖሯል። በማግስቱ ስትደውል፣ «ለእህትሽ የአራት ሰዓት መንገድ ከበደሽ? መምህሩ ነግሮኛል! እኔ ለዘመድ ለቅሶ ከዚህ ዳንግላ በእግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ!» ብለው ዘጉባት። ከዚያ ወዲያ ስልኳን አላነሡም።

እኔ ይህን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ቪዛ የሚሉት ነገር እንዳለ፣ ፓስፖርትም አሠሪ እጅ እንደሚቀር ላስረዳ እየተጣደፍኩ ሄድኩ። «አንተው አይደለህ ጎረቤት ናቸው ያልከኝ?» ብለው አፌን አዘጉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል የአገሬ ሰው።

አበባ ድና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እትዬ ጥሩነሽ ግን በሦስተኛው ዓመት፣ ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ታመው ሳይሰነብቱ ዐረፉ። ዝና የደረሰችው አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። ላጽናናት ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

«አራት ሰዓት ነው ያሉት እርስዎ ነዎት ጋሼ?» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

«ልክ ነበሩ» አለች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «እኔም መንገዱን ጠይቄ ነበር። ፓስፖርቴ ከማዳሜ ቁም ሳጥን እኔ እጅ እስኪደርስ ግን ሦስት ዓመት ፈጀ። ይህን ለእማ ብነግራት በጭንቀት ትሞትብኛለች ብዬ ነው ሩቅ ነው ያልኳት።»

ቀጥላም፣ «እማ ስሜን ትጠራው ነበር?» አለችኝ።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ በእነዚያ ዓመታት እትዬ ጥሩነሽ የዝናን ስም ሲያነሡ አንድም ቀን አልሰማሁም።

«ሲጠሩሽ ነው የኖሩት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። እንዳላመነችኝ ገባኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበችው።