የግቢዬ ሊሾ

በእኛ አገር ሁሉም ሰው ሐኪም የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሁሉም ሰው መሐንዲስ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ራሴን አመመኝ በሉ፣ ሐኪሙ ይበዛላችኋል። ግቢዬን ኮንክሪት ላስደርግ ነው በሉ፣ መሐንዲሱ ይጎርፍላችኋል። እኔ ሁለተኛውን ብዬ ተነስቼ መጨረሻዬ አንደኛው ጋ ሆነ። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ። ብትስቁ አልቀየምም፤ እኔን ግን እስካሁን አላሳቀኝም።

ነቀምቴን የሚያውቅ ሰው ዝናቧን ያውቃል። ሌላው አገር ክረምት አለው፤ እኛ ያለን ክረምትና ከክረምቱ የተረፈው ክረምት ነው። ቤቴ ደግሞ ተዳፋት ላይ ነው። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ውጭው በር ሠላሳ እርምጃ የሚሆን ቁልቁለት አለ። ዝናብ ሲጥል ቀዩ አፈር ይቦካና እግር ያሳልፍና ጫማ ያስቀራል። እኔና ባለቤቴ ሰዓዳ ቦቲ ጫማችንን እያጠለቅን ኖረንበታል። አልኖርበትም ያሉት አባቴ ናቸው።

አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ ወለጋ አንገር ጉቲን የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ጉልበታቸውም ሲደክም፣ ለምኜ ለምኜ እኔ ጋ አመጣኋቸው። የመጡት ግን በውል ነው። «በእግሬ ወጥቼ በእግሬ የምገባ ከሆነ እቀመጣለሁ። ካልሆነ ቤቴን አልሸጥኩትም» አሉኝ። በመጡ በመጀመሪያው ክረምት አንድ ዓርብ ጭቃው ጁምዓ አላስወጣ አላቸውና አዝያቸው እስከ በሩ ወረድኩ። ጀርባዬ ላይ ሆነው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ማታ ግን ራት አልቀመሱም። አባቱን ያዘለ ይመረቃል ይባላል፤ የታዘለውን ሰው የጠየቀው ግን የለም። ያን ጊዜ ነው ይህ ቁልቁለት ኮንክሪት ካልለበሰ አባቴን እንደማጣቸው የገባኝ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ሐሳቤን ተናገርኩ። አንዱ ኮብልስቶን አለ፤ ሌላው ጠጠር ድፋበት አለ። የስፖርት መምህሩ ደግሞ ጭቃ ላይ መራመድ ጡንቻ ያጠነክራል ብሎ ምንም እንዳላደርግ መከረኝ። ማንንም አልሰማሁ። ሲሚንቶ የገዛ ሰው ጆሮ የለውም። ኮንክሪት ብቻም አልበቃኝም፤ ሊሾ ይሁን አልኩ። እንደ ሳሎን ወለል ተለስልሶ፣ አብረቅርቆ፣ ባጃጅ እስከ ደጃፌ ሽው ብሎ የሚወጣበት ሊሾ! ለአባቴ ነው የማሠራው እላለሁ፣ እውነትም ለእሳቸው ነበር። ግን ጎረቤት በአጥር ሲያጮልቅም ይታየኝ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ግንበኛው ገመቹ ይባላል፤ እዚሁ ነቀምቴ አጠገብ የጉቴ ሰው ነው። እጁ ሥራ ያውቃል፣ አፉ ቁጥብ ነው። ቁልቁለቱን ወጣ ወረደና በተሰባበረ አማርኛ ኮንክሪቱን አፍስሶ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ቢያሻክረው እንደሚሻል ነገረኝ። ሲሚንቶ አፍስሼ በመጥረጊያ ላስቧጥጠው? ጭራሽ! ሊሾ ነው የምፈልገው አልኩት። እሱም «ሊሾማ… ሊሾ እኮ ዝናብ ሲመጣ…» ብሎ ቃሉ ጠፋበትና ግንባሩን ያሽ ጀመር።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ትንሽ ብጠብቀው ኖሮ ቃሉን ያገኘው ነበር። እኔ ግን ቸርነት ያዘኝ። አትቸገር ወንድሜ፣ በራስህ ቋንቋ ንገረኝ፣ እሰማለሁ አልኩት።

ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ልጅ ሆኜ አባቴ ለትምህርት መልሰው ወሎ አጎቴ ዘንድ ልከውኝ ስለነበር አፌን የፈታሁትም ያደግሁትም በአማርኛ ነው። አስተማሪ ሆኜ ነቀምቴ ከተመደብኩ ግን ሃያ ዓመት አለፈኝ። በኦሮምኛ ሰላምታ አልሳሳትም፣ ሽንኩርት እከራከርበታለሁ፣ ለቅሶ ቤት አጽናናበታለሁ። ባርሲሳ፣ ማለት መምህሩ፣ ኦሮምኛውን ያቀላጥፈዋል ያሉኝም አሉ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለሴትዮዋ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆን?

ገመቹ ደስ አለውና በቋንቋው ነገረኝ። «ቦካን ዬሮ ሮቡ ባዬ ኒ ሙጩጫታ፣ ባርሲሳ።» ቦካ ዝናብ ነው፣ አውቃለሁ። ሲዘንብ በጣም፣ አለ፤ ይህም ገባኝ። የቀረችኝ የመጨረሻዋ ቃል ናት። እሷን ደግሞ የአማርኛ መምህር ያጣታል? ሙጭጭ! ሙጭጭ ብሎ ያዘ ማለት ጥርቅም አድርጎ ያዘ፣ አልለቅም አለ ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የምንለው አያያዝ ያው ሙጭጭ ነው። እንግዲህ ሰውየው ዝናብ ሲዘንብ ሊሾው እግርን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል ማለቱ ነው። ቋንቋ እንዲህ ይወራረሳል እያልኩ ለራሴ ተደነቅሁ።

ስለዚህ በደስታ «ባዬ ጋሪ ዳ!» አልኩት፤ በጣም ጥሩ ነው ማለቴ ነው።

ገመቹ አፍጥጦ አየኝ። «ዱጉማ?» አለ፣ የምርህን ነው ወይ እንደማለት። የምሬን ነው አልኩት። አባትህስ፣ አለኝ በረንዳው ላይ ወደተቀመጡት አባቴ በአገጩ እየጠቆመ። እንዲያውም ለእሳቸው ብዬ ነው የማሠራው አልኩት። አባቴን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ «ቶሌ» አለ፣ እሺ እንደማለት፤ ማለስለሻውንም አነሳ።

ሥራውን ሠራው፣ አይካድም። ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሶ፣ እያሸ እያለሰለሰ መስታወት አስመሰለው። ሰዓዳ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ፣ ጫማችንን አውልቀን ነው የምንረግጠው ወይ ብላ አላገጠችብኝ። እኔ ምን ተዳዬ! በጋ ስለነበር አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ጠዋትና ማታ ይወጡበት ይወርዱበት ጀመር። ብቻቸውን ወጥተው ሰላምታ ሰጥተው ይመለሳሉ። የሰፈሩ ሰው በስማቸው ለመዳቸው። አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ፣ የጉቲኑን ቤት የሚገዛ ሰው ይኖር ይሆን ብለው እንደዋዛ ጠየቁኝ። እንባዬ መጣ።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለው ዓርብ ቀን ነው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አባቴ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ልጃቸው ያሠራላቸውን መንገድ አምነው ወጡ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ እግራቸው ከዳቸው። የቀረውን ቁልቁለት የወረዱት በጎናቸው ነው፤ ያቆማቸው የውጭው በር ነው። ስደርስ ጎረቤት ተሸክሞ በረንዳው ላይ አውጥቷቸው ነበር፤ ካወጧቸውም ሁለቱ ወድቀው ተነስተዋል። ባጃጅ ጠራን። ጎማው ሊሾው ላይ ባለበት እየተሽከረከረ አልወጣም አለ። ጫማዬን አውልቄ፣ በባዶ እግሬ፣ አባቴን ደግሜ አዘልኩ። በዚህ ጊዜ ዝም አላሉም፤ ያቃስቱ ነበር።

ዳሌያቸው ተሰብሯል አሉን። ሐኪም ቤት ከርመው ቤት ሲገቡ አልጋ ላይ ዋሉ። እኔም የምጣላው ሰው አስፈለገኝና ገመቹን ፈልጌ አገኘሁት። ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል ብለህ አታልለኸኛል፣ ና አባቴ ፊት ተናገር ብዬ እየጎተትኩ አመጣሁት። ሰውየው ሳያንገራግር መጣ። አልጋው አጠገብ ተቀመጠና ከአባቴ ጋር በኦሮምኛ ያወሩ ጀመር። አባቴ ቋንቋውን የለመዱት እንደኔ ሽንኩርት ሲከራከሩ አይደለም። ጉቲን ከኦሮሞ ጎረቤታቸው ጋር በሬ አቀናጅተው ሲያርሱ፣ ሲያጭዱ፣ አብረው ልጅ ሲቀብሩ ነው። እኔ ከሚያወሩት ግማሹን እየሰማሁ ቆሜአለሁ።

አባቴ ዞረው አዩኝ። «ሙጩጫታ ማለት ያንሸራትታል ማለት ነው» አሉኝ። «ሰውየው ሲዘንብ ክፉኛ ያንሸራትታል ብሎሃል። አንተ በጣም ጥሩ ነው አልከው። አባትህስ ቢልህ፣ ለእሳቸው ብዬ ነው አልከው።»

ገመቹም በአማርኛው ጨመረ። እኔም ፈርቼ ነበር አለ፤ ባርሲሳ ከአባቱ ጋር ነገር ቢኖረው ነው ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት፣ እሷም የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ አትግባ አለችኝ።

ምን እላለሁ? አባቴን ሲሚንቶ አልሰበራቸውም፣ ገመቹም አልሰበራቸውም። እኔ ነኝ። የማላውቀውን አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነው። «ምን ማለት ነው?» የምትል አጭር ጥያቄ ነበረች፤ ተማሪዎቼ ሳያፍሩ በቀን ሃያ ጊዜ ይጠይቁኛል።

ገመቹ ከዚያ ወዲያ ቤተኛ ሆነ። ዓርብ ዓርብ እርጎ ይዞ ይመጣና ከአባቴ ጋር ሲስቁ ይውላሉ፤ እኔ ስገባ ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ይህች ወደ አማርኛ መዞራቸው ከስድብ በላይ ታቃጥለኛለች። አባቴ በሁለት ክራንች መቆም ሲችሉ ጓዛቸውን አሳሰሩና እህቴ ካለችበት መጥታ ልትጦራቸው ጉቲን ገቡ። ቅር ብሏቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ክራንቻቸውን አሳዩኝ፤ ውላቸውን ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ገመቹ መሮና መዶሻ ይዞ መጣ። ያንን መስታወት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከላይ እስከ ታች ወቀረው። አሁን ግቢዬ ፈንጣጣ የያዘው ፊት መስሏል፣ ጎረቤትም ማጮለቁን ትቷል። ዝናብ በጣለ ቁጥር እኔ ራሴ በባዶ እግሬ ወጥቼ እሞክረዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ልቤ አልችል ብሎኝ ጉቲን ደወልኩ። አብዬ ይመለሱ፣ መንገዱ ተወቅሯል፣ ገመቹን ጠይቄው ከእንግዲህ አያንሸራትትም ብሎኛል አልኳቸው።

አባቴም፣ «በምን ቋንቋ ነው የነገረህ?» አሉኝ።